ቆራሌው የማይገዛው

ሶኬት ላይ ተሰክቶ ወይም በባትሪ ይሠራ የነበረ ዕቃ ሁሉ፣ ባለቤቱ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብሎ ከተወው፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይባላል። ስሙ ሲጠራ ቶሎ የሚታሰበው ኮምፒውተርና ሞባይል ነው፤ ዝርዝሩ ግን ከዚያ በጣም ይሰፋል። ሽቦው የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ጋዙ ያለቀ ፍሪጅ፣ መሞቅ የተወ ካውያ፣ የተቃጠለ ቆጣቢ አምፖል፣ ቻርጅ አልይዝ ያለ የፀሐይ ፋኖስ፣ የሚያበራና የሚጮህ የልጅ መጫወቻ፣ በሆስፒታል ግምጃ ቤት የተወሸቀ የራጅ መሣሪያ፣ ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

መጠኑ በዓለም ደረጃ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የሥልጠናና የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል። ከ2010 ጋር ሲነጻጸር 82 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። 40 ቶን በሚጭኑ ከባድ መኪኖች ቢጫን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ መኪና ይሞላል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ ተሰብስቦ ወደ ጥሬ ዕቃነት መመለሱ በሰነድ የተረጋገጠው 22.3 በመቶው ነው። በአውሮፓ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 17.6 ኪሎ ሲጥል በአፍሪካ 2.5 ኪሎ ይጥላል። በአውሮፓ ከሚጣለው 42.8 በመቶው በሥርዓት ይሰበሰባል፤ በአፍሪካ ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በአፍሪካ ከተሞች ቀሪው 99 በመቶ ሜዳ ላይ ተጥሎ ይቀራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ብዙ የአውሮፓ ከተሞች የሚቀኑበት ሰብሳቢ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ቆራሌው በየሰፈሩ፣ በየበሩ እየዞረ ይጣራል፤ የማይሠራ ሬዲዮ፣ የተሰበረ ስቶቭ፣ የተቆራረጠ ሽቦ በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ይወስዳል። የገዛው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራና መሰል ቦታዎች ደርሶ ይለያል፣ ይፈታል፣ እንደ ዓይነቱ ለየገዢው ይሸጣል። የማዘጋጃ ቤት መኪናም ሆነ የመንግሥት በጀት የለበትም። በዓለም አቀፉ ሰነድ ላይ የማይታየው በመዝገብ የማይሠራ ሥራ ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ ከኋላው የሚወፍር አሮጌ ቴሌቪዥን መከተል ይበቃል። ገዢው መጀመሪያ የኋላ ክዳኑን በካቻቪቴ ይፈታዋል። ከዚያ በቱቦው አንገት ላይ ቀለበት ሠርቶ የተጠመጠመውን የመዳብ ጥቅል ያወጣል፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው። በስክሪኑ ጠርዝ ዙሪያ የሚዞር ሌላ የመዳብ ሽቦ አለ፤ በፒንሳ ተቆርጦ ይወጣል። ቦርዱ ላይ የቆመው የአልሙኒየም ሙቀት ማብረጃ፣ ትራንስፎርመሩና የስፒከሩ ማግኔት ተራ በተራ ይነቀላሉ። ቦርዱ ራሱ ለጥገና ሰው ይሸጣል፤ ካልሆነም ይከማቻል። የቀረው የፕላስቲክ ቀፎና የመስታወት ቱቦው ነው።

ቱቦው የቴሌቪዥኑን አብዛኛውን ክብደት ይይዛል፤ ገዢ ግን የለውም። የኋለኛው ክፍሉ የተሠራበት መስታወት አንድ አምስተኛው ገደማ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። እርሳሱ የተጨመረው ቴሌቪዥኑ ሲሠራ የሚፈጠረው ጨረር ወደ ውጭ እንዳያልፍ ለማገድ ነበር። ስክሪኑን ከውስጥ የሸፈነው የሚያበራ ዱቄትም ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ነው። ስለዚህ ቱቦው አንገቱ ተሰብሮ በየጥጋጥጉ ይወድቃል፣ ወይም ከሌላው ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ይጣላል። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ችግር በሙሉ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ይታያል፤ ዋጋ ያለውን ክፍል ገበያው ያለ ማንም ትእዛዝ አሟጦ ይሰበስበዋል፣ ዋጋ የሌለውን ደግሞ መርዛማ ቢሆንም ባይሆንም ትቶት ይሄዳል።

ዋጋ ያለው ክፍል ትንሽ አይደለም። የ2024ቱ ሪፖርት በ2022 ከተጣለው ቆሻሻ ግማሹ፣ 31 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው፣ ብረታ ብረት እንደነበረና ዋጋው 91 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት ይገልጻል። አብዛኛው ብረት፣ አልሙኒየምና መዳብ ነው። ወርቅና ብር፣ ፓላዲየምም ጭምር፣ በቦርዶቹ ላይ በጣም በቀጭኑ ተለብጠው ይገኛሉ። ወርቅ የተመረጠው ስለማይዝግ ነው፤ መገናኛ ጫፎች ለዓመታት ኤሌክትሪክ ሳያቋርጡ እንዲያስተላልፉ ያደርጋል። ባትሪያቸው የወጣ አሮጌ ሞባይሎች አንድ ቶን ቢሰበሰቡ ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ወርቅ ይዘዋል፤ በወርቅ ማዕድን ማውጫ ግን ከአንድ ቶን ድንጋይ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ጃፓን ይህንን ለዓለም ለማሳየት የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎችን ከሕዝብ በተሰበሰቡ አሮጌ ዕቃዎች ሠርታለች። ከሚያዝያ 2017 እስከ መጋቢት 2019 እ.ኤ.አ. 78,985 ቶን ትናንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ተሰብስበው፣ ከእነሱም ውስጥ 6.21 ሚሊዮን ሞባይል ስልኮች ነበሩ፣ 32 ኪሎ ወርቅ፣ 3,500 ኪሎ ብርና 2,200 ኪሎ ነሐስ ወጣላቸው። ሠላሳ ሁለት ኪሎ ወርቅ ለማግኘት አንድ አገር ሁለት ዓመት መሰብሰብ እንደነበረበት ሲታሰብ፣ ወርቁ መኖሩ አንድ ነገር፣ ማውጣቱ ሌላ ነገር መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ጎጂው ክፍልም በየዕቃው ይለያያል። በአሮጌ ቦርዶች ላይ ክፍሎቹን የሚያጣብቀው ስታኞ ውስጥ እርሳስ አለ። በቆጣቢ አምፖልና በፍሎረሰንት ቱቦ ውስጥ፣ እንዲሁም በመጀመሪያዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች የኋላ መብራት ውስጥ ሜርኩሪ አለ። በአንዳንድ ቻርጅ በሚደረጉ አሮጌ ባትሪዎች ካድሚየም፣ በቀፎዎች ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ እሳት እንዳይዛመት የሚጨመሩ ብሮሚን ያለባቸው ኬሚካሎች ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ ዕቃው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሳሎን ውስጥ ቢቀመጥ ያን ያህል አያሰጉም። ዋናው አደጋ የሚጀምረው ሲሰበር፣ ሲቃጠልና በአሲድ ሲነከር ነው።

ይህ በብዛት ሲሠራ ምን እንደሚያስከትል የጋናዋ አግቦግብሎሺ ለብዙ ዓመታት ለዓለም ስታሳይ ነበር። በአክራ ከተማ በኦዳው ወንዝ ዳር የነበረው ይህ የውዳቂ ብረት ገበያ የሺዎች እንጀራ ነበር፤ መኪናም ኮምፒውተርም ፍሪጅም እዚያ ይፈታ ነበር። ጭሱ ይነሳ የነበረው ግን ከአንድ ሥራ ነው። ወጣቶች የሽቦ እሽጎችን በጎማና ከፍሪጅ ግድግዳ በወጣ ስፖንጅ እሳት አቀጣጥለው የፕላስቲክ ሽፋኑን ያቃጥሉና መዳቡን ይለቅሙ ነበር። የሽቦው ሽፋን ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ከመዳብ ጋር ሲቃጠል ዳዮክሲን የተባለውን እጅግ መርዛማ ውህድ ይፈጥራል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ምርመራ፣ በዚያው አካባቢ ጭረው የሚለቅሙ ዶሮዎች እንቁላል ከፍተኛ ዳዮክሲን ተገኝቶበታል። ገበያው በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ፈረሰ፤ ሥራው ግን አልጠፋም፣ ተበትኖ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ገባ። ገበያ ማፍረስ ቆሻሻ ማስወገድ እንዳልሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ጉዪዩ ደግሞ የአሲድ ከተማ ነበረች። ከውጭ የገቡ ቦርዶች በከሰል ምድጃ ላይ ተሞቀው ክፍሎቻቸው ይነቀሉ፣ ከዚያም ወርቃቸው እንዲለቅ በአሲድ ይነከሩ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በከተማዋ ሕፃናት ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ይህ ሥራ ከማይሠራባት ጎረቤት ከተማ ሕፃናት በግልጽ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ትርፉም ቢሆን የሚመስለውን ያህል አይደለም። በህንድ ባንጋሎር የጓሮ አሲድ ሥራ ሲለካ ቦርዱ ላይ ካለው ወርቅ ሩብ ያህሉን ብቻ ያወጣ እንደነበር ታይቷል፤ ዘመናዊ ማቅለጫ ከ95 በመቶ በላይ ያወጣል። ጤናውን የሚከፍለው ሠራተኛ ሦስት አራተኛውን ወርቅ ከአሲዱ ጋር ወደ ቱቦ ይደፋዋል።

ከሁሉም ፈጥኖ የገደለው ግን የተራ መኪና ባትሪ ነው። በሴኔጋል ዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር ሰፈር፣ አሮጌ ባትሪ ይበተንበት የነበረው አፈር እርሳስ እንዳለው ሲታወቅ ነዋሪዎች አፈሩን እየነፉ መሸጥ ጀመሩ፤ ቤታቸውም አስገቡት። ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት ብቻ 18 ሕፃናት ሞቱ። የእርሳስ አቧራ ሽታም ጣዕምም ስለሌለው እናቶቹ ምን እንደገባባቸው አላወቁም ነበር።

እርሳስ ወደ ሰው የሚደርስበት ስውር የሆነ ሌላ መንገድም አለ። በየከተማው ትናንሽ ምድጃዎች ውዳቂ አልሙኒየም እያቀለጡ ድስት ያወጣሉ፤ አልሙኒየሙ ከመኪና ሞተርም ከኮምፒውተርም ሊመጣ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በካሜሩን የተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ሲመረመሩ ምግብ ሲበስልባቸው እርሳስ እንደሚለቁ ታይቷል።

ትክክለኛው አሠራር ሲታይ መጀመሪያው ከምናለሽ ተራው ብዙ አይለይም። ዕቃው በእጅ ይፈታል። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ነው፤ ከመዳቡ በፊት መርዙ ይወጣል። ባትሪው ይነቀላል፣ የሜርኩሪ መብራቱ ሳይሰበር ይነሳል፣ የፕሪንተሩ ዱቄት ቀለም በዝግ መያዣ ይሰበሰባል። ከፍሪጅ ደግሞ ጋዙና የኮምፕሬሰሩ ዘይት በተዘጋ ማሽን ይመጠጣሉ። ይህ የፍሪጅ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። በአሮጌ ፍሪጆች የነበረው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞን ሽፋን ከመጉዳቱም በላይ፣ ከባቢ አየርን በማሞቅ አንድ ኪሎው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኪሎ አሥር ሺህ ጊዜ ይበልጣል። እሱን የተካው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ሙቀቱ ላይ ግን ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ነው። አንድ ሰው የመዳብ ቧንቧውን ለመውሰድ በመጋዝ ሲቆርጠው ፉጨት የሚሰማው ያ ጋዝ ሲወጣ ነው። በድሮዎቹ ፍሪጆች ግድግዳ ስፖንጅ ውስጥም ተመሳሳይ ጋዝ ታምቆ ይገኛል።

መርዙ ከወጣ በኋላ ብረቱ ወደ ብረት ማቅለጫ፣ አልሙኒየሙ ወደ አልሙኒየም ማቅለጫ፣ መዳቡ ወደ መዳብ ይሄዳል። ይህ በብዙ አገር የሚሠራ ሥራ ነው። ችግር ያለው ቦርዱ ላይ ነው። ከሃያ በላይ ንጥረ ነገሮች ከፕላስቲክና ከመስታወት ክር ጋር ተጣብቀው ስላሉበት በእጅ መለያየት አይቻልም። በቤልጂየም አንትወርፕ አጠገብ ሆቦከን ላይ ያለው የዩሚኮር ፋብሪካ ቦርዶችን ከሌሎች ብረት ያዘሉ ቅሪቶች ጋር ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እጅግ በላይ በሆነ ሙቀት ያቀልጣል። የቀለጠው መዳብ ወርቁን፣ ብሩንና ፓላዲየሙን ይዞ ከታች ይረጋል፤ ከዚያ በኬሚካልና በኤሌክትሪክ እየተለዩ 17 ዓይነት ብረታ ብረት ይወጣሉ። የፕላስቲኩ ጭስ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ይታጠባል። በስዊድን ሮንሻርና በጀርመን ሃምቡርግ መሰል ፋብሪካዎች አሉ። በዓለም ላይ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነው ሥራው ምሥጢር ስለሆነ ሳይሆን ግንባታው ከፍተኛ ገንዘብ፣ ሥራውም በመቶ ሺዎች ቶን የሚቆጠር ግብዓት ስለሚጠይቅ ነው። በማግኔትና በስክሪን ውስጥ ያሉትን ብርቅዬ የአፈር ብረቶች ለማውጣት ግን እነሱም ገና አልቻሉበትም፤ ከዓለም ፍላጎት በዚህ መንገድ የሚሸፈነው 1 በመቶ ገደማ ነው።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ይወለዳል። ደሃ አገር እንደ ሆቦከን ያለ ፋብሪካ መሥራት አያስፈልጋትም። በእጅ መፍታትና መለየት ከማሽን መፍጫ በጥራት ይበልጣል፤ መፍጫው ቦርዱን ከፕላስቲኩ ጋር ሲያደቅቀው ከወርቁ የተወሰነው ከአቧራው ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ዕቃው እዚያው በተገኘበት በእጅ ቢፈታ፣ ቦርዱ ብቻ ተከማችቶ ወደ ማቅለጫዎቹ ቢላክ፣ ሠራተኛው ከአሲድ ይድናል፣ ከቦርዱ የሚገኘው ገንዘብም ይጨምራል። ይህ በጋናና በግብፅ ተሞክሯል። የሚጎድለው አሁንም ያው ነው፤ የመስታወት ቱቦውን፣ የሜርኩሪ አምፖሉንና ብሮሚን ያለበትን ፕላስቲክ በጥንቃቄ ለማስወገድ የሚወጣውን ወጪ ከቦርዱ ትርፍ ላይ በገዛ ፈቃዱ የሚከፍል ነጋዴ አይገኝም።

ታዲያ ማን ይክፈል? አገሮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በስዊዘርላንድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገዢው አዲስ ዕቃ ሲገዛ በዋጋው ላይ ትንሽ የማስወገጃ ክፍያ ይጨመራል፤ ዕቃው ሲያረጅ ተመሳሳይ ዕቃ የሚሸጥ ማንኛውም ሱቅ ያለ ክፍያ መረከብ ግዴታው ነው። ጃፓን በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለቴሌቪዥን፣ ለፍሪጅ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለአየር ማቀዝቀዣ ሸማቹ በሚጥልበት ቀን እንዲከፍል አደረገች። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ክፍያውን ለመሸሽ ዕቃውን ጫካ ውስጥ ጥሎ የሚሄድ ሰው አልጠፋም። ከሁለቱ የስዊዘርላንዱ ለሰው ጠባይ የሚቀርብ ይመስላል፤ ዕቃ ሲገዛ የሚከፈል ትንሽ ገንዘብ አይታወቅም፣ ሲጣል የሚከፈል ግን ያማል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣውና በ2012 ባሻሻለው መመሪያ ኃላፊነቱን በአምራቹና በአስመጪው ላይ ጣለ። ጋና በ2016 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 917 ከውጭ በሚገቡ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ለዚሁ የሚውል ቀረጥ ጣለች። ሩዋንዳ በቡገሴራ የመበተኛና የማደሻ ማዕከል አቁማለች።

ወጪውን ላለመክፈል የሚመረጠው ቀላሉ መንገድ ድንበር ማሻገር ነው። በ1987 እና በ1988 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ነጋዴዎች ወደ 4,000 ቶን የሚጠጋ አደገኛ ቆሻሻ በናይጄሪያዋ ኮኮ ከተማ በወር 100 ዶላር በተከራዩት ግቢ ውስጥ ማከማቸታቸው ሲታወቅ አህጉሩ በሙሉ ተቆጣ። የባዝል ስምምነት በመጋቢት 1989 እ.ኤ.አ. ተፈረመ፤ ላኪው አገር የተቀባዩን አገር ፈቃድ ሳያገኝ አደገኛ ቆሻሻ መላክ አይችልም። አፍሪካውያን ይህ አልበቃቸውም። በ1991 የተፈረመውና በ1998 ሥራ ላይ የዋለው የባማኮ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ጨርሶ ይከለክላል። ኢትዮጵያ የሁለቱም አባል ናት። አሜሪካ የባዝልን ፈርማለች እንጂ እስካሁን አላጸደቀችም። ሆኖም ለረጅም ጊዜ አንድ ቀዳዳ ነበር፤ የማይሠራ ኮምፒውተር "ያገለገለ ዕቃ" ተብሎ ይጫናል፣ አደገኛ አይደለም ተብሎም ያልፋል። በጋናና በስዊዘርላንድ ሐሳብ አቅራቢነት የተደረገው ማሻሻያ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደገኛ የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሁሉ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር አድርጓል። የሚሠራን ያገለገለ ዕቃ ከማይሠራው የመለየቱ ጣጣ ግን እንደ ቀድሞው በጉምሩክ ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ነው።

ከማቅለጥ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ዕቃውን ማቆየት። ስልክ በሕይወት ዘመኑ ከሚያስከትለው የአየር ብክለት አብዛኛው የሚፈጠረው ሲመረት ነው፤ ስለዚህ አንድ ስልክ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ቢያገለግል የሚገኘው ጥቅም ወርቁ ቢወጣ ከሚገኘው ይበልጣል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ የምትታማ አይደለችም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ሲበጠስ አይጣልም፣ ይቀየርለታል። ሞባይል ጠጋኙ በአንድ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በሚነፍስ የሞቀ አየር ስታኞውን ያላላዋል፣ የሞተውን ትንሽ ክፍል በጉጠት ያነሳዋል፣ ከጎኑ ካለው ሣጥን ከሌላ ስልክ ቦርድ ላይ ደህናውን ነቅሎ ይተክላል። ያ ሣጥን የሞቱ ስልኮች የሚከማቹበት ይመስላል እንጂ የመለዋወጫ መጋዘን ነው። ቦርዱ ለማቅለጫ ይሂድ ቢባል እንኳ መጀመሪያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚጠቅመውን ሁሉ ሰጥቶ መሄድ አለበት።

የጠጋኙ ጠላት አምራቹ ነው። ባትሪ በብሎን ፋንታ በሙጫ ይጣበቃል፣ መለዋወጫ አይሸጥም፣ ሶፍትዌሩ ከጥቂት ዓመት በኋላ መታደሱ ይቆማል። ፈረንሳይ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ስልክና ላፕቶፕን ጨምሮ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመች የሚያሳይ ከአሥር የሚታሰብ ነጥብ እንዲለጠፍ አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ በአንድ ዓይነት የቻርጀር መሰኪያ እንዲሠሩ ያደረገውም በየቤቱ መሳቢያ የሚከማቸውን ቻርጀር ለመቀነስ ነው። ይህ ለአውሮፓ ገበያ ሲባል የተለወጠ መሰኪያ መርካቶም ደርሷል።

በቤት ውስጥ ጥንቃቄ የሚፈልጉት ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። ያበጠ የስልክ ወይም የላፕቶፕ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተቀጣጠለ እሳቱን ማጥፋት ከባድ ነው። ከሚቀጣጠል ነገር ራቅ አድርጎ፣ መገናኛ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ ማቆየት ይሻላል። ቆጣቢ አምፖል ቤት ውስጥ ቢሰበር መስኮት ተከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ክፍሉ ይተዋል፤ ስባሪው በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት ተሰብስቦ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከመሸጡ በፊት ሲም ካርዱና ሜሞሪው ይወጣል፣ ከአካውንት ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል። ፎቶ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የተሰረዘ ፎቶ ብዙ ጊዜ በቀላል ፕሮግራም ተመልሶ ይገኛል።

በኢትዮጵያ የሚጣለው መጠን ገና ትንሽ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ ሪፖርት 55 ሺህ ቶን ገደማ፣ ለአንድ ሰው ከአንድ ኪሎ በታች ሆኖ ተገምቷል። ሕጉም አለ፤ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 በሥራ ላይ ናቸው። በአቃቂ የኮምፒውተር መበተኛ ማዕከል ተቋቁሟል። ብዙው ዕቃ ግን ወደዚያ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከንብረት መዝገብ ሳይሰረዝ መውጣት አይችልም፤ ለመሰረዝ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዋጋ ይገመታል፣ ጨረታ ይወጣል። እስከዚያው ዕቃው በግምጃ ቤት አቧራ ይለብሳል፤ ሊታደስ ይችል የነበረውም ያረጃል። በጨረታ ከተሸጠ ደግሞ የሚያሸንፈው ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠው እንጂ ቱቦውን የት እንደሚያደርሰው የተናገረው አይደለም። የጨረታ ሰነድ ላይ ይህን አንድ ጥያቄ መጨመር ምንም በጀት አይፈልግም።

ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ አይቆይም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ አከፋፍሎ ነበር፤ የኃይል እጥረትን ለማቃለል የተወሰደው እርምጃ ትክክል ነበር፣ አምፖሎቹ ሲቃጠሉ ግን ተመልሰው የሚሰበሰቡበት መንገድ አልተዘረጋም። በገጠር የተሠራጩት የፀሐይ ፋኖሶች ባትሪም በተራው እያለቀ ነው፤ ቆራሌው ደግሞ ያን ያህል ርቆ አይሄድም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በመወሰኑ የኤሌክትሪክ መኪና በፍጥነት በዝቷል። የአንዱ መኪና ባትሪ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ይመዝናል፤ አምራቾች በአብዛኛው ለስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጡታል። ከመኪና ሲወርድ ብዙ ጊዜ አቅሙ አላለቀም፤ ለጤና ጣቢያ ወይም ለሱቅ የፀሐይ ኃይል ማጠራቀሚያ ሆኖ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ግን አቅሙን የሚለካ፣ ሴሎቹን የሚለይ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የማይፈራ ሳይሆን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ኅብረት የ2023 የባትሪ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለውን ባትሪ ያለ ክፍያ መልሶ መረከብ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ግዴታ ነው፤ የኢትዮጵያ አስመጪም ተመሳሳይ ግዴታ የሚገባበት ምቹ ጊዜ መኪናው ጉምሩክ ላይ ቆሞ ሳለ ነው።